ከቤት ሆኖ የሚሠራው የአየር መንገድ ሠራተኛ መብቱ የት ነው የተጻፈው?

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በረራችሁ ተሰረዘ እንበል። ነገ ከሰዓት ዱባይ መገኘት አለባችሁ። ትደውላላችሁ፤ ሙዚቃው ይዘፍናል፣ ይዘፍናል፣ ከዚያ አንድ ሰው ያነሳና "ምን ልታዘዝ?" ይላችኋል። ይሄ ሰው የት ተቀምጦ ነው የሚያናግራችሁ?

አብዛኞቻችን የሚታየን ሰፊ አዳራሽ፣ የተደረደረ ኮምፒውተርና ሄድሴት ያጠለቁ ወጣቶች ናቸው። ግን ሰውየው ሳሎኑ ውስጥ ጋቢ ደርቦ፣ ልጁ እንዳትነቃ ድምፁን ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የኮሮና ዘመን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ጄትብሉ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2000 መብረር ሲጀምር ትኬት የሚያስይዙለትን ሠራተኞች ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ከየቤታቸው ነበር የሚያሠራቸው። ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ነበሩ። ዙም የለ፣ ስማርት ስልክ የለ። ኩባንያው ለእናቶች አዝኖ ብቻ አይደለም ይህን ያደረገው፤ አዳራሽ መከራየትና ወንበር መግዛት ቀርቶለታል።

ከቤት መሥራት ለሠራተኛው ይመቻል፣ ለአሠሪው ወጪ ይቀንሳል፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ጥያቄው የሚመጣው ደስታው ሲያልቅ ነው። አለቃው አንድ ቀን ተነስቶ "ከሰኞ ጀምሮ ሁላችሁም ቢሮ" ቢልስ? መብራት ሲጠፋ የማን ኪሳራ ነው? ሠራተኛ ማኅበሩስ በየሳሎኑ የተበተነውን አባሉን እንዴት አድርጎ ያገኘዋል?

አቪዬሽን ሲባል ፓይለትና ሆስተስ ብቻ የሚታየን ብዙ ነን። ከጀርባ ግን የኮል ሴንተር ሠራተኛው አለ፣ የፓይለቶችንና የሆስተሶችን የሥራ ፕሮግራም የሚያወጣው አለ፣ የበረራ ዕቅድ የሚሠራው አለ፣ የጠፋ ሻንጣ የሚያፈላልገው፣ የትኬት ገቢ ሂሳብ የሚያወራርደው፣ አይቲው አለ። የእነዚህ ሥራ በአብዛኛው ስክሪን ላይ ነው የሚያልቀው። በሌላ ወገን ሻንጣ ጫኙ፣ ቴክኒሻኑ፣ ምግብ የሚያቀርበው፣ ፍተሻ ላይ የሚቆመው አውሮፕላኑ አጠገብ መገኘት ግዴታው ነው።

ደግሞ መስመሩ እየተንቀሳቀሰ ነው። ታወር ላይ ተቀምጦ አውሮፕላን የሚመራ ሰው በዓይኑ ሜዳውን ማየት አለበት ተብሎ ስንት ዘመን ተኖረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስዊድን ውስጥ የአንድ ትንሽ ኤርፖርት ተቆጣጣሪዎች ሥራቸውን ሱንድስቫል ከተባለ ሌላ ከተማ ሆነው በካሜራ መሥራት ጀመሩ። የለንደን ሲቲ ኤርፖርት ታወርም ከ2021 ጀምሮ እንደዚያው ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ ያሉት ከለንደን ውጭ ስዋንዊክ የተባለ ቦታ ነው። ከቤታቸው ነው የሚሠሩት ማለት አይደለም። ግን "ይሄ ሥራ በምንም ተአምር ከርቀት አይሠራም" የሚለው ወሬ ዕድሜው እያጠረ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ሲገባ የፌደራል መንግሥት ብዙ ሠራተኞቹን "ከቤት ሥሩ" ብሎ ነበር። ታስታውሳላችሁ። ውሳኔ ወጣ፣ ሰው ቤቱ ገባ፤ በሌላ ውሳኔ ደግሞ ወጣ። ያኔ ያስፈልግ ስለነበር ማንም አልተከራከረም። ግን አንድ ነገር አሳይቶናል፤ በደብዳቤ የመጣ ነገር በደብዳቤ ይሄዳል። መብት የሚባለው አለቃው ሐሳቡን ሲቀይር አብሮ የማይቀየረው ነው።

ሕጋችን ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ የሚያወራ ክፍል አለ (የቤት ሠራተኛ ማለት አይደለም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። አንቀጽ 46 ላይ ስታነቡት መጀመሪያ "በቃ ተገኘ!" ያሰኛል። አንድ ሰው ቤቱ ወይም በራሱ ፈቃድ በመረጠው ቦታ ሆኖ፣ ከአሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥርና አመራር ውጭ፣ በክፍያ ሥራ ሲሠራ ውሉ የዚህ ዓይነት ነው ይላል። ዝቅ ስትሉ አሠሪው ጥሬ ዕቃ ሸጦለት ምርቱን መልሶ ሲገዛው ስላለው ሁኔታ ይናገራል። ማለት ሕግ አውጪው ዓይን ውስጥ የነበረው ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጥልፍ ጠላፊዋ ናቸው። ሄድሴት ያጠለቀችው ልጅ የለችበትም።

ቁልፏ ቃል "ከቀጥተኛ ቁጥጥር ውጭ" የምትለዋ ነች። ከቤቷ የምትሠራ የኮል ሴንተር ሠራተኛን አስቡ። ስንት ሰዓት ላይ እንደገባች ሲስተሙ ያውቃል። ስንት ስልክ እንዳነሳች፣ እያንዳንዱ ጥሪ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ስንት ደቂቃ "ብሬክ" ላይ እንደቆየች ያውቃል። ጥሪው ይቀዳል። እንዲህ ያለው ክትትል ቢሮ ውስጥ ከጀርባዋ ቆሞ ከሚያይ ሱፐርቫይዘር የባሰ እንጂ ያነሰ ቁጥጥር አይደለም። ስለዚህ በእኔ እይታ እሷን በአንቀጽ 46 ማስተዳደር ልክ አይመጣም። ተራ የሥራ ውል ያላት መደበኛ ሠራተኛ ናት፤ ቦታው ብቻ ነው የተቀየረው።

ይሄ የቃላት ጨዋታ አይደለም፣ ገንዘብ አለው። መደበኛ ሠራተኛ ከሆነች በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው ገደብ ይሠራላታል። ከዚያ በላይ ከሠራች የትርፍ ሰዓት ክፍያ አላት፤ ቀን ላይ የሰዓት ደመወዟ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5። ችግሩ ሕጉ ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው ይላል። ቢሮ ውስጥ ትእዛዙ ይታወቃል። ቤት ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም "የኔ ቆንጆ ይቺን አንድ ኬዝ ዝጊልኝማ" የሚል መልእክት ይመጣል። ይሄ ትእዛዝ ነው ወይስ ልመና? ሠራተኛዋ ስክሪንሾት ካላነሳች፣ ማኅበሩም አስቀድሞ ካልተነጋገረበት፣ ያቺ ሰዓት በነፃ ሄደች ማለት ነው።

አየር መንገድ ውስጥ የሰዓት ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ታሪክ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ኩባንያው ሂትሮ ላይ ለሚሠሩ የቼክ ኢን ሠራተኞች በካርድ የመግቢያና መውጫ ሰዓት መመዝገቢያ አመጣ። ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሥራ ጥለው ወጡ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ተሰረዙ። ለአንዲት ካርድ? ካርዷ አልነበረችም ጉዳያቸው። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሺፍታቸውን እንደፈለጉ ይቀያይሩብናል ብለው ነው የፈሩት፣ የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ሰዓት ከሥራ ጋር ያስማሙት በስንት መከራ ነውና። ዛሬ ከቤት የሚሠራ ሰው ላፕቶፕ ላይ ያለው ሶፍትዌር ከዚያ ካርድ መቶ እጥፍ ያውቃል።

ቀጥሎ መብራትና ኔትወርክ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በዚያ ሦስት ሳምንት ከቤቱ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ደመወዙስ? እዚህ ላይ አዋጁ ጥሩ አንቀጽ አለው። አንቀጽ 54 ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያ ወይም በጥሬ ዕቃ መጓደል፣ ወይም የእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሥራ ካልሠራ ደመወዙ ይከፈለዋል ይላል። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲቆም የሚሠራው ሕግ ለኔትወርክም መሥራት አለበት። ግን አሠሪው "የቤትህ ዋይፋይ የራስህ ጉዳይ ነው፣ ጀነሬተር ያለበት ቢሮ መምጣት ትችል ነበር" ቢል መልሱ ምንድን ነው? መልሱ ላፕቶፑን፣ ዳታውንና መብራቱን ማን ያቅርብ የሚለው ቀድሞ ከተጻፈ ብቻ ቀላል ይሆናል።

አደጋም እንደዚሁ ነው። በእኛ አዋጅ ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ብትጎዱ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። ቤት ሆናችሁ በሺፍት መሃል ውሃ ልትቀዱ ስትነሱ በቻርጀር ገመድ ተጠልፋችሁ ብትወድቁስ? ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሕግ ይቺን ነገር እንኳን አልተዋትም፤ ከቤት የሚሠራ ሰው ለሥራው ሲል ከመጠጥና ከምግብ እስከ ሽንት ቤት የሚንቀሳቀስበት መንገድ ቢሮ ቢሆን እንደሚሸፈነው በኢንሹራንስ ይሸፈናል። ያው ሕግ ለሠራተኛ ምክር ቤቶችም ድምፅ ሰጥቷቸዋል። አሠሪው ከቤት ማሠራትን እንዲጀምር ማስገደድ አይችሉም፤ ከጀመረ ግን አሠራሩን ያለ እነሱ ስምምነት መወሰን አይችልም። የአየር መንገዶች የምድር ሠራተኞች በዚህ ውስጥ አሉ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የአውሮፓ የሠራተኛና የአሠሪ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2002 የተፈራረሙት የርቀት ሥራ ስምምነት ነው። 2002! ፌስቡክ እንኳን አልተወለደም። ያኔ የተስማሙት ምን መሰላችሁ፦ ከቤት መሥራት በፈቃድ ይሁን፣ ወደ ቢሮ የመመለሻ መንገድ ይኑረው፣ ሥራው የሚያስከትለውን ወጪ በተለይ የስልክና የኢንተርኔቱን አሠሪው ይቻል፣ ክትትል ከተደረገ ከልክ አይለፍ፣ ሠራተኛው ከማኅበር ተወካዩ ጋር እንዳይገናኝ እንቅፋት አይደረግበት። የእኛ አገር ማኅበራት ለኅብረት ስምምነት ድርድር ሲቀመጡ ከዜሮ መጀመር አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ኢትዮጵያ ውስጥ የአየር ትራንስፖርት በአዋጁ "እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት" ከሚባሉት አንዱ ነው፣ እንደ መብራትና ሆስፒታል። ትርጉሙ፦ አየር መንገድ ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ በሕግ የተከለከለ ነው። ድርድሩ ከተበላሸ ጉዳዩ ወደ ጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ቢኖርም፣ ዝርዝሩ በሕግ ሲወሰን አቪዬሽን ውጭ ቀርቷል።

ነሐሴ 2010ን እናስታውስ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ አቆሙ። እነሱ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሠራተኞች ስለሆኑ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንኳን አይተዳደሩም፤ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ ማኅበር የማቋቋም መብት የለውም። ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ጭምር ተጠርተው በረራው ቀጠለ፣ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎች ታሰሩ። እዚህ ጥያቄያቸው ልክ ነበር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ታወር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ያለ እሱ አውሮፕላን የማይነሳ የሚመስለን ሰው፣ ይህ ከገጠመው ሳሎኑ ውስጥ ሄድሴት ያጠለቀ ሰው ምን ጉልበት አለው?

ከጎረቤት ጋር አወዳድሩት። መስከረም 1 ቀን 2017፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስናከብር፣ የናይሮቢ ጆሞ ኬንያታ ኤርፖርት ሠራተኞች ኤርፖርቱን ለሕንዱ አዳኒ ኩባንያ በሊዝ የመስጠቱን ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቁመው ነበር። መንገደኛ ውጭ ተሰልፎ ዋለ፣ በረራዎች ተስተጓጎሉ፣ በዚያው ቀን ድርድር ተደረገ። (ዕቅዱን ፕሬዚዳንት ሩቶ የሰረዙት በኋላ በኅዳር ነው፣ አዳኒ አሜሪካ ውስጥ ከተከሰሱ በኋላ።) የምድር ሠራተኛ ሲቆም ዓለም ያየዋል። ከቤት የሚሠራ ሰው ሄድሴቱን ቢያወልቅ ግን ሲስተሙ ጥሪውን ለሚቀጥለው ሰው ያስተላልፈዋል። በቃ። ማንም አላየውም። ሥራው ከቤት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከማኒላም፣ ከካይሮም መሠራት ይችላል። ከቤት መሥራትን የሚጠይቅ ሠራተኛ ይቺን አደጋ አብሮ እየጠየቀ መሆኑን ማወቅ አለበት።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንላለን፤ እዚህ ግን ድሩ በየቤቱ ነው ያለው።

የአሜሪካኖቹ ተሞክሮ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። እዚያ የአየር መንገድ ሠራተኛ በ1926 በወጣ የባቡር ሠራተኞች ሕግ ነው የሚተዳደረው፤ ሕጉ ከ10 ዓመት በኋላ አቪዬሽንን ጨመረ። ማኅበር ለመመሥረት በየቢሮው ሳይሆን በመላው አገር በሙያ ዓይነት ነው ድምፅ የሚሰጠው። ሲደራጁ ያደክማል፤ አንድ ኤርፖርት ላይ አሸንፎ መጀመር አይቻልም። ግን ያልታሰበ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካን ኤርላይንስና የዩኤስ ኤርዌይስ የመንገደኛ አገልግሎት ሠራተኞች፣ ወደ 14,500 ሰዎች፣ ድምፅ ሲሰጡ ጌት ላይ የሚቆመውም ቤቱ ሆኖ ትኬት የሚያስይዘውም አንድ ላይ ነበሩ። 86 በመቶው ማኅበሩን መረጠ። ቤቱ ያለው ሰው ብቻውን ቢሆን ኖሮ የማይኖረው ጉልበት ጌት ላይ ካለው ተበደረ ማለት ነው።

አሠሪዎችም ዝም ብለው አላዩም። ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2019 ሻንጣ ጫኞቹ እንዳይደራጁ የለጠፈው ፖስተር የማኅበር መዋጮ በዓመት 700 ዶላር ገደማ እንደሆነ ነግሮ "በዚህ ገንዘብ የቪዲዮ ጌም ብትገዙ አይሻልም?" የሚል መንፈስ ነበረው። ኢንተርኔት ላይ መሳቂያ ሆኖ ሰነበተ።

በእኛ ሕግ ማኅበር የሚቋቋመው በድርጅት ነው፣ 10 ሠራተኛ ይበቃል። ስለዚህ ከቤት የሚሠራውና ሻንጣ የሚጭነው በአንድ ማኅበር፣ በአንድ የኅብረት ስምምነት ሥር መሆን ይችላሉ። ይህ የሚበላሸው ከቤት የሚሠራው ሥራ ወደ ሌላ ኤጀንሲ ሲዛወር ነው። ያኔ አሠሪያችሁ ኤጀንሲው ነው፤ የአየር መንገዱ የኅብረት ስምምነት እናንተን አይመለከትም፣ ስልክ የምታነሱት በአየር መንገዱ ስም ቢሆንም። ማኅበር ውስጥ ብሆን መጀመሪያ የምታገለው ለዚህ ነው፤ ከቤት ይሠራ፣ ግን የድርጅቱ ሠራተኛ እንደሆነ።

የአሠሪዎች ክርክር ሁሉ ተንኮል ነው ብዬ አላምንም። የኮል ሴንተር ሠራተኛ ስክሪን ላይ የመንገደኛ ፓስፖርት ቁጥርና የባንክ ካርድ አለ። የቤት ኮምፒውተር፣ የጎረቤት ዋይፋይ፣ ከጀርባ የሚያልፍ ዘመድ፣ ይሄ እውነተኛ ስጋት ነው። መልሱ ግን "ስለዚህ ድርጅቱ ላፕቶፑንና መስመሩን ያቅርብ" ነው እንጂ "ስለዚህ አይቻልም" አይደለም። ሁለተኛው ክርክር የፍትሐዊነት ነው፤ "እኛ ዝናብ ላይ ስንጭን እነሱ ፒጃማ ለብሰው" የሚል ሻንጣ ጫኝ ይኖራል። ልክም አለው። ማኅበሩ ለስክሪን ሠራተኛው ብቻ ከተደራደረ ራሱን ለሁለት ይከፍላል። በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ለጫኙም አንድ ነገር መምጣት አለበት፣ ለምሳሌ ሺፍቱን ከሳምንታት በፊት ማወቅና እንደፈለጉ ያለመቀያየር።

አንዳንዱ አሠሪ ደግሞ ከቤት መሥራትን እንደ ማካካሻ ያቀርበዋል፤ ለነፍሰ ጡር "የሌሊት ሺፍት ከቤትሽ ሥሪ" እንደማለት። አዋጁ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሥራ ላይ መመደብ ይከለክላል። ቤቷ መሆኗ ሌሊቱን ቀን አያደርገውም። 120 ቀን የወሊድ ፈቃድም ፈቃድ ነው፤ ላፕቶፕ ከፍቶ ኢሜይል ማየት የለበትም።

አድማ በሌለበት ዘርፍ የኅብረት ስምምነቱ ብዕር ነው ያለው መሣሪያ። አዋጁ የሥራ ሁኔታን፣ የሥራ ሰዓትን፣ የዕረፍት ጊዜን፣ የደኅንነት ጉዳይን ለድርድር ክፍት አድርጎታል፤ ከሕጉ የተሻለ ነገር ከተጻፈ ደግሞ የሚሠራው የተሻለው ነው። ከቤት መሥራትን የሚከለክል የለም፣ የሚያስገድድም የለም። ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታን ማን ቀድሞ ይጽፍበታል ነው ነገሩ፤ ኤችአር በሰርኩላር ወይስ ማኅበሩ በድርድር።

እስከዚያ ድረስ ዛሬ ማታ ማድረግ የምትችሉት አንድ ነገር አለ። የሥራ ውላችሁን ፈልጉት። በአዋጁ መሠረት ውል የሥራውን ዓይነትና የሥራውን ቦታ መግለጽ አለበት፤ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ይህን የያዘ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። "የሥራ ቦታ" የምትለዋን መስመር እዩአት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሳሎናችሁ ስትሠሩ ቆይታችሁ እዚያ ላይ የተጻፈው "ቦሌ፣ ዋና መሥሪያ ቤት" ከሆነ፣ ከቤት የምትሠሩት በአለቃችሁ መልካም ፈቃድ ነው፤ አለቃ ደግሞ ይቀየራል።